«ጠይቀናቸዋል፤ ወደውታል»፦ ስለ ዲዛይን ቲንኪንግ መስማት የሰለቹኝ ነገሮች

የዲዛይን ቲንኪንግ (ከተጠቃሚው ችግር ተነስቶ መላ የማበጀት ዘዴ) ሥልጠና ልሰጥ ስገባ ከሻይ እረፍቱ በፊት ምን እንደምሰማ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። አብዛኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሼ አልፋለሁ። አንዱ ግን ዓመታት ቢያልፉም ደሜን ያፈላዋል፤ እሱን ላቆየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«እኔ ዲዛይነር አይደለሁም።» የካርድ ክፍል ሠራተኛም የዕድር ጸሐፊም ለሰው ችግር መላ ያበጃሉ። የምናስተምረው ይህንን እንጂ ሥዕል አይደለም።

«የስታንፎርዶች የቅርብ ጊዜ ፋሽን ነው።» የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታወቀውን የዲዛይን ተቋሙን የከፈተው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን ዲዛይን ማለት ያለውን ሁኔታ ወደሚፈለገው መለወጥ ነው ብሎ የጻፈው ግን በ1969 ነው።

«አምስት ደረጃ አለው፤ በተርታ ነው የሚኬደው።» ሰውን መረዳት፣ ችግሩን መለየት፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር፤ የተደረደሩት ለማስተማር እንዲመቹ ነው። ናሙናው ሲከሽፍ ወደ መጀመሪያው መመለስ ያለ ነው።

«ቢሾፍቱ ሦስት ቀን ተቀምጠን ግድግዳውን ባለቀለም ወረቀት ሞላነው።» አበሉም ተከፈለ፣ ፎቶውም ተነሳ። ወረቀቱን የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ነቅላ ጣለችው፤ ሌላ ምን ተሠራ?

«ብዙ ሰው አብሮ ሲያስብ ብዙ ሐሳብ ይወጣል።» በ1958 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው የሚያስቡ አራት አራት ሰዎችን ለየብቻቸው ካሰቡ አራት ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ለየብቻ ያሰቡት ሐሳብ ሲደመር ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆነ። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል፣ ሲጠብቅም ይረሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ አለቃው ቀድሞ ይናገራል፤ የቀረው «እንደተባለው» እያለ ይቀጥላል። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ለየራሱ ይጻፍ። አለቃው መጨረሻ ይናገር፤ ከቻለም ከክፍሉ ይውጣ።

አሁን ወደዚያኛው ልምጣ። «ተጠቃሚዎቹን ጠይቀናቸዋል፤ ወደውታል።»

ማንን ነው የጠየቃችሁት? ከአዲስ አበባ ድረስ በመኪና የመጣ እንግዳ፣ ያውም ነገር ይዞ የመጣ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ «እንዴት አገኙት?» ሲል፣ የትኛዋ የቤት እመቤት ናት «አይረባም» የምትለው? ይሉኝታ የሚባል ነገር እንዳለ ረሳችሁት እንዴ? በመጠይቁ ላይ «በጣም ወድጄዋለሁ» የሚለው ሳጥን ላይ ያረፈው ምልክት የሚነግራችሁ ሰዎቹ ጨዋ መሆናቸውን ብቻ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ማገዶ ቆጣቢ ያለውን ምድጃ አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ አከፋፈለ። መጠይቁ ተሞላ፣ ሁሉም «እግዜር ይስጥልን» አለ፣ ሪፖርቱ አማረ። ከወራት በኋላ እኔ ስሄድ ከገባሁባቸው ቤቶች በአንዱ ምድጃው ላይ ዶሮ ተኝታበታለች። እናትየዋ ግን አሁንም «ጥሩ ነው፣ ምን ይወጣለታል» ይሉኛል። ቡና ተፈላ። በአቦሉ ጥሩ ነው፣ በቶናውም ጥሩ ነው። በረካው ሲቀዳ ነው «ልጄ፣ ለወጥስ ደህና ነበር። እንጀራ ሲሆን ግን መሀሉ እያረረ ጠርዙ ሊጥ ይቀራል» ያሉኝ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ያን ሁሉ ቤት ያዳረሱት አቦል እንኳ ሳይጠብቁ ነበር።

ለነገሩ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር። አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ሊጡ ሲፈስ፣ አክንባሎው ሲከደን፣ እንጨቱ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ያየ ሰው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ምጣድ እስከ ዳር እኩል ሙቀት እንደሚፈልግ ይገባዋል። በ1990ዎቹ አገር ውስጥ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ የተነሳው ከዚያው ከምጣዱ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል፤ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፋል፤ በኋላ በኩል በሚወጣው ሙቀት ድስት ይጣድበታል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

ሳያዩ መፍረድ የኛ ብቻ አይደለም። በ2007 የስታንፎርድ ተማሪዎች ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ርካሽ ማሞቂያ ሣጥን ሥሩ ተባሉ። ከመካከላቸው አንዱ ኔፓል፣ ካትማንዱ ሆስፒታል ሄዶ ሲያይ ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው፤ ሕፃናቱ የሚወለዱት ሆስፒታል በሌለበት ገጠር ነው። ሣጥኑን ማርከሳቸውን ትተው እናት ቤቷ የምትጠቀምበት፣ ሙቀት በሚይዝ ከረጢት የሚሞቅ የሕፃን መጠቅለያ ሠሩ።

ስለዚህ «ወደዱት?» የሚለውን ጥያቄ ከወረቀታችሁ ላይ ሰርዙት። «ትናንት ሲጋግሩ ምን ሆነ?» በሉ። አንድ ያማረ ናሙና ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሁለት ሦስት ከካርቶን የተሠራ፣ ገና ያላለቀ መሆኑ የሚያስታውቅ ውሰዱ። ሰው አንዱን ለማመስገን ሲል ሌላውን ሳይጨነቅ ይነቅፍላችኋል። የሠራሁት እኔ ነኝ አትበሉ። ከአፋቸው ይልቅ እጃቸውን ተመልከቱ። ከወር በኋላ ደግሞ አርማ የተለጠፈበት መኪና ሳትይዙ ተመለሱ፤ ዕቃው ከምድጃው አጠገብ ነው ወይስ ቆጥ ላይ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ለገጠር እናቶች የሠራውን አፕ ሊያሳየኝ መጣ። መቶ ሃያ ሰው መጠይቅ ሞልቶልኛል፣ ሁሉም ወደውታል አለኝ። «ስንቱ ቤት ቡና ጠጣህ?» አልኩት።

«ቡና አልጠጣም» አለኝ፤ «ጨጓራ አለብኝ።»