«ዝናብ ማረሻን ይከተላል»፦ ሲማሮን ካውንቲ የከፈለበት አባባል

አሜሪካ ውስጥ ዛሬም የሚጠቀስ አንድ የቆየ አባባል አለ፦ «ዝናብ ማረሻን ይከተላል»። ደረቅ መሬት ቢሆንም ሰው ገብቶ ካረሰው ዝናቡ ራሱ ይመጣል ማለት ነው። ዛሬ የሚነሳው ለትችት ነው፤ ምኞትን ሳይንስ አስመስሎ ለሚሸጥ ሰው ይባላል። በጊዜው ግን ብዙዎች ከልባቸው አምነውት ነበር።

አባባሉን በ1881 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ ያሰፈረው የመሬት ነጋዴው ቻርልስ ዳና ዊልበር ነው። ሳሙኤል ኦጊ የተባለ የነብራስካ ፕሮፌሰርም ሐሳቡን በሳይንስ ስም ደገፈ። ያልታረሰ መሬት ዝናቡን ያንሸራትተዋል፤ የታረሰ መሬት ግን ይመጠዋል፣ ቀስ በቀስ ወደ አየር ይመልሰዋል፣ ያም ተመልሶ ይዘንባል አለ። ዝናቡ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ደህና ነበርና ሰው አመነ። መሬት የሚሸጡ የባቡር ኩባንያዎች ወሬውን አራገቡት። የጂኦሎጂ ባለሙያው ጆን ዌስሊ ፓወል በ1878 ባወጣው ሪፖርት አሜሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ መሃል ለመሃል ከሚያቋርጠው ከ100ኛው የኬንትሮስ መስመር ወደ ምዕራብ ዝናብ ብቻውን ለእርሻ እንደማይበቃ አስጠንቅቆ ነበር። የሰማው ግን ጥቂት ነው።

ሲማሮን ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ነው) ከዚያ መስመር በስተምዕራብ ናት። የኦክላሆማ የመጨረሻ ምዕራባዊ ጫፍ ስትሆን ከቴክሳስ፣ ከኒው ሜክሲኮ፣ ከኮሎራዶና ከካንሳስ ጋር ትዋሰናለች። ከአራት ሌሎች ግዛቶች ጋር የምትዋሰን ካውንቲ በአሜሪካ እሷ ብቻ ናት። የዓመቱ ዝናብ ከ500 ሚሊ ሜትር በታች ነው። አካባቢው እስከ 1890 ድረስ በየትኛውም ግዛት ሥር ስላልነበረ «የማንም ያልሆነ ምድር» ይባል ነበር። ካውንቲዋ የተመሠረተችው በ1907 ነው።

ዋና ከተማዋ ቦይስ ሲቲ አጀማመሯ ያሳዝናል። በ1908 ሻጮች ዛፍ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ያሏት ከተማ ናት ብለው ቦታ ቸበቸቡ። ገዢዎቹ ሲመጡ ያገኙት ባዶ ሜዳ ነው። ሻጮቹ በፖስታ ማጭበርበር ተፈረደባቸው። ከተማዋ ግን አልጠፋችም፤ ሰውም መምጣቱን አላቆመም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስንዴ ዋጋ ሲወደድ ሜዳው ታረሰ። አፈሩን ይዞት የኖረው ሣር ከነሥሩ ተገለበጠ። በ1930 የካውንቲዋ ሕዝብ 5,408 ደረሰ። ከዚያ ዋጋው ወደቀ፣ ዝናቡም ቀረ። ማረሻው ገብቶ ነበር፤ የተከተለው ግን አቧራ ነው።

ሰው እርጥብ አንሶላ መስኮት ላይ ይሰቅል ነበር። ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ሳህን ተደፍቶ ይቀመጣል። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሕፃንና ሽማግሌ ገደለ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 እሑድ፣ በምዕራባውያኑ ሆሳዕና ዕለት፣ ከሰሜን ጥቁር ግድግዳ የመሰለ ማዕበል መጣ። በጠራራ ፀሐይ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ሆነ። በማግስቱ የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ሮበርት ጋይገር አካባቢውን «ደስት ቦውል» (የአቧራ ጎድጓዳ ሳህን) ብሎ ጻፈ፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

በ1936 ፎቶ አንሺው አርተር ሮትስተይን እዚችው ካውንቲ ውስጥ ያነሳው ፎቶ አለ። አባትና ሁለት ልጆቹ አቧራ እየገረፋቸው ወደ ጎጆ ያመራሉ። ትንሹ ልጅ ወደኋላ ቀርቷል፤ ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጓል። የአጥሩ ቋሚዎች ግማሽ ድረስ በአሸዋ ተውጠዋል። እኔ ስለዚህ አባባል ሳስብ የሚመጣብኝ ያ ልጅ ነው። ማረሻውን እንዲያነሳ የጠየቀው የለም።

በ1940 ቆጠራ 3,654 ሰው ቀረ። በ2020 ደግሞ 2,296 ሆነ። መንግሥት ከገዛው የተራቆተ መሬት ከፊሉ ዛሬ ሪታ ብላንካ በተባለው ብሔራዊ የሣር ምድር ውስጥ ነው፤ ሣሩ ተመልሷል። በመስኖ የሚለማው እርሻ ውሃውን የሚስበው ኦጋላላ ከተባለው የከርሰ ምድር ክምችት ነው። እሱም ከሚተካው በላይ እየተቀዳ፣ በብዙ ቦታ እየቀነሰ ነው።