«ዳይመንድ ኢን ዘ ራፍ» የሚባለው ማን ነው?

በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ሰውን ለማድነቅ ቶሎ ብዕራችን ላይ የምትመጣ አባባል ናት። «ያልተጠረበ አልማዝ» እንደማለት ነው። ትልቅ ችሎታ ኖሮት ገና ላልተገራ ሰው ትነገራለች። ለዕቃም፣ ለቤትም፣ ለረቂቅ ጽሑፍም ትሆናለች።

መነሻዋ የአልማዝ ሥራ ነው። ከመሬት የወጣ አልማዝ ደብዘዝ ያለ የጠርሙስ ስባሪ ይመስላል። የማያውቅ ሰው ረግጦት ቢያልፍ አይፈረድበትም። የሚያብለጨልጨው ተቆርጦ ሲሞረድ ነው፤ መሞረጃውም የራሱ የአልማዝ ዱቄት ነው፣ ከሱ የሚጠነክር የተፈጥሮ ማዕድን ከየት ይመጣል! ሥራው ደግሞ ብዙ ያስጥላል። እ.ኤ.አ. በ1905 ደቡብ አፍሪካ የተገኘው ኩሊናን የተባለ አልማዝ 3,106 ካራት (የአልማዝ የክብደት መለኪያ ነው) ነበር። ሲጠረብ ከክብደቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ሄዷል። ምስሉ ወደ ንግግር ከገባም ቆይቷል፦ እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ጆን ፍሌቸር እ.ኤ.አ. በ1624 ስለ አንዲት ሴት ሲጽፍ፣ ለመቁረጥ እንዳልተጠረበ አልማዝ ታስቸግራለች ብሏል።

ስህተቱ የሚመጣው «ራፍ»ን እንደ ቦታ ከማሰብ ነው። ድንጋይ የበዛበት መስክ፣ መሃሉ ላይ አንድ አልማዝ! ስለዚህ «ከዚያ ሁሉ አሰልቺ ፊልም መሃል ይሄኛው ዳይመንድ ኢን ዘ ራፍ ነው» ይባላል። ፊልሙ ግን ተሠርቶ አልቋል፣ ምን ይጠረባል? እውነቱን ለመናገር ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም እንዲህ ይላሉ። እኔ ግን አርታኢ ብሆን እሰርዛታለሁ። «ራፍ» ቦታ ሳይሆን የአልማዙ የራሱ ሁኔታ ነው።

ብሪታንያ ውስጥ «ራፍ ዳይመንድ» ሲባል ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጠባዩ ሻካራ፣ አነጋገሩ ያልታረመ፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ ሰው ማለት ነው። ስለ ተሰጥኦ እያወራችሁ አንባቢያችሁ ስለ ጠባይ የምታወሩ ሊመስለው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ተጠንቀቁ። የሃያ ዓመት ልምድ ያላትን ባለሙያ በዚህ አባባል ብታሞግሷት፣ «ጎበዝ ናት፣ ግን ገና ጥሬ ናት» ብላችሁ ፈረማችሁ ማለት ነው። ለጀማሪ ተለማማጅ ከሆነ ግን ልክ ነው፤ ከዚያው ጋር ምን ችሎታ እንዳያችሁበትና ምን እንደሚቀረው ጻፉ። የራሳችሁ የሥራ ማመልከቻ ላይማ ባትገባ ይሻላል።