ጠገራን በሎሚ ማሸት እና ሌሎች የሳንቲም ጥፋቶች

የአያት ሣጥን ሲከፈት፣ ከነጠላው እና ከቆየው የርስት ወረቀት ስር አንድ ሁለት ጠገራ ብር አይጠፋም። ጠቁሯል። ወዲያው አንዱ ዘመድ ሎሚ፣ ሌላው አመድ ያመጣል፤ ዘመናዊው ደግሞ የጥርስ ሳሙና።

«መጥቆሩ ቆሻሻ ነው፤ ሲያብረቀርቅ ዋጋው ይጨምራል»

ገዢው ሳንቲም ሰብሳቢ ከሆነ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ጥቁረቱ ብሩ በአየር ላይ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ተዋህዶ ያበጀው ስስ ልባስ ነው። ሲታሽ የሚሄደው እሱ ብቻ አይደለም፤ ላዩ ላይ ያለው ብርም አብሮ ይፋቃል። ጠገራ ላይ ይህ የከፋ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ሳንቲም ከ1780 (እ.ኤ.አ.) በኋላም ለረጅም ዘመን በተለያዩ ከተሞች ሲመታ ኖሯል፤ የተጻፈበት ዓመት ግን ሁሌም 1780 ነው። የቱ የት እንደተመታ የሚለየው በንግሥቲቱ ጌጥ ዕንቁዎች እና በጀርባው ባለው ንስር የጅራት ላባዎች ነው። አመድ ቀድሞ የሚበላው ደግሞ እነዚህን ነው።

የአክሱም ሳንቲም የያዘማ እጁን ይሰብስብ። ከነሐሶቹ አንዳንዶቹ በንጉሡ ራስ ዙሪያ በስስ ወርቅ የተለበጡ ናቸው፤ አንድ ጊዜ በብሩሽ ፈተግ ካደረጓቸው ወርቁ የለም።

«ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ምን ይነካዋል?»

በዚህ የተቀጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። የ1936 ዓ.ም. የነሐስ ሳንቲሞቼን፣ ያንን ጠርዙ እንደ አበባ የተቀረጸውን ስሙኒ ጨምሮ፣ ለስለስ ባለ ፕላስቲክ አልበም ደርድሬ ለዓመታት ረሳኋቸው። ስከፍተው አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ለብሰው አገኘኋቸው። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ማለስለሻው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሲያረጅም አሲድ ይለቃል። አዲስ ሲሆን የሚሸት፣ ሲታጠፍ እንደ ጎማ የሚለመጥ ከሆነ ተጠርጣሪ ነው። ማይላር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ አልበም ይግዙ። የተጣበቀውን ንጹሕ አሴቶን ያስለቅቀዋል፤ ሽቶ እና ቅባት የተቀላቀለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይሆንም። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከሰል ካለበት ያርቁት።

«አረንጓዴ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ጠንካራ፣ ልሙጥ፣ ሳንቲሙን እንደ ቆዳ ያለበሰው አረንጓዴ ባለበት ይቆያል፤ አይንኩት። የሚያሰጋው ፈዛዛው፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ሲነካ እንደ ዱቄት የሚረግፈው ነው። ነሐሱ ውስጥ የገባ ክሎራይድ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡን እየበላ ይቀጥላል፤ ሰብሳቢዎች የነሐስ በሽታ ይሉታል። ከሌሎቹ ይለዩት፣ ደረቅ ቦታ ያኑሩት፣ በቧንቧ ውሃ አይጠቡት (ክሎሪን አለበት)፣ ለባለሙያ ያሳዩት።

«ግጥም አድርጎ ማሸግ በቂ ነው»

በክረምት፣ ሐምሌ ላይ የታሸገ ዕቃ የሐምሌን እርጥበት ይዞ ነው የሚታሸገው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛው ሳንቲሙ ላይ ያርፋል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን፣ ሁላችንም የምንጥላትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረው ያስገቡ። እሷም ትጠግባለች፤ በየጊዜው ትለወጥ።

«እጄ ንጹሕ ነው»

ይሁን፣ ላብ አለው። የጣት አሻራ መዳብ ላይ ከቆየ ተቀርጾ ይቀራል። በጠርዙ ይያዙ፣ ከታች ፎጣ ያንጥፉ።

«የእንጨት መሳቢያ፣ የሱፍ ጨርቅ፣ የገንዘብ ላስቲክ ምን ያደርጋል?»

ሱፍና ላስቲክ ድኝ አለባቸው፤ የብሩን ሽልንግ ያጠቁሩታል። አንዳንድ እንጨት የአሲድ ትነት ያወጣል። ወርቅን ይህ ሁሉ እምብዛም አያሳስበውም፤ ለስላሳ ስለሆነ የሚፈራው ጭረትን ነው።

ጠገራውን ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ያስበየደ ወይም ያስበሳ ቤተሰብም ብዙ ነው። ለሰብሳቢ ያ የተጎዳ ሳንቲም ነው፤ እኔ ግን አያቴ ያሰረችውን ማንጠልጠያ አላስነቅልም። ብየዳውን ማንሳት ሌላ ጠባሳ ነው።