ፖርተብል የሜክ ቴስት ምንድን ነው?

ቴስቱ ሊኑክስ ላይ ያልፋል። ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ራን ሲደረግ ይወድቃል። ኮዱን የነካው ሰው የለም። የተለየው ከስር ያለው ሜክ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ከኮዳቸው የሚገነባው ቢልድ ቱል ነው።

ሜክን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው ስቱዋርት ፌልድማን ነው። ዛሬ ግን በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ያለው ጂኤንዩ ሜክ ነው። ፍሪቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ ቢሜክን ይጠቀማሉ፣ ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ የራሱ አለው። አፕል ከማክ ጋር ሲሰጥ የኖረው ጂኤንዩ ሜክ 3.81 የወጣው በ2006 ነው። ለሁሉም የጋራ መነሻ የሚሆነው ፖሲክስ የሚባለው ስታንዳርድ ነው።

ፖርተብል ቴስት የምንለው በእነዚህ በየትኛውም ላይ ያው ውጤት የሚሰጠውን ነው። ከወደቀም የሚወድቀው የምንፈትነው ቢልድ ቱል በእርግጥ ሲበላሽ ብቻ ነው።

ብዙውን ጣጣ የሚያመጣው ቴስቱ የሜክን አውትፑት ቃል በቃል መጠበቁ ነው። አንድ ትእዛዝ ሲከሽፍ ጂኤንዩ ሜክ ሦስት ኮከብ አስቀድሞ የታርጌቱን (እንዲሠራ የተጠየቀውን ፋይል) ስም በቅንፍ ያወጣል። አዳዲሶቹ እትሞች የፋይሉን ስምና የመስመር ቁጥሩንም ይጨምሩበታል። ቢሜክ ጋ ስትሄዱ መልእክቱ ሌላ ነው። ኤግዚት ኮዱም፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥር፣ እንዲሁ። ጂኤንዩ ሜክ ሲከሽፍ 2 ይመልሳል፣ ሌላው 1 ሊመልስ ይችላል። ፖሲክስ በተራ አጠቃቀም የሚጠይቀው ከዜሮ መብለጡን ብቻ ስለሆነ «2 ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ቴስት ያለቦታው ጥብቅ ሆኗል።

እኔ ብጠየቅ፣ ሜክ ያለውን ትታችሁ የሠራውን እዩ እላለሁ። ፋይሉ ተፈጥሯል? ይዘቱ ልክ ነው? ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ሥራውን ዝም ብሎ ደገመው ወይስ አልደገመውም? ለዚህኛው ቀላል ዘዴ አለ፦ ትእዛዙ በሠራ ቁጥር አንድ ፋይል ላይ አንድ መስመር ይጨምር፣ ቴስቱ መስመሮቹን ይቁጠር። የትኛውም ሜክ ይሁን፣ ቁጥሩ አይለወጥም።

ለሜክ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ፋይል፣ የሜክፋይሉ፣ ጽሑፍም ወጥመድ አለው። አንድን ዓይነት ፋይል ከሌላ ዓይነት እንዴት እንደሚሠራ የሚነግሩት፣ በ% የሚጻፉት ፓተርን ሩሎች የጂኤንዩ ናቸው፣ በየቦታው የሚሠራው በፋይል ቅጥያ የሚጻፈው የድሮው ሰፊክስ ሩል ነው። የምንጩን ፋይል ስም የሚተካው $< ደግሞ በተራ ሩል ውስጥ ቢሜክ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የፋይሉን ስም በቀጥታ መጻፍ ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም አለ። ቴስቶቹን ራሳቸውን የሚያስነሳው ሜክ ከሆነ፣ ሜክፍላግስና ሜክሌቭል የሚባሉት ቫርያብሎች ወደ ውስጥ ይወረሳሉ። ያኔ ጂኤንዩ ሜክ መልእክቱ ላይ [1] ይለጥፋል፣ የገባበትንና የወጣበትን ዳይሬክተሪም ማውራት ይጀምራል። እያንዳንዱ ቴስት ከመነሳቱ በፊት ሁለቱን ማጽዳት ነው።

ጂኤንዩ ብቻ የሚያውቀውን ነገር የሚፈትን ቴስት ካለ ሌላው ሜክ ላይ ይዘለል እንጂ አይውደቅ። ስሙን አይቶ መወሰን ግን አያዋጣም፤ ቢኤስዲ ላይ ጂኤንዩ ሜክ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ጂሜክ ተብሎ ነው። ባለሁለት መስመር ሜክፋይል ሰጥቶ ይሠራ እንደሆነ መሞከር ይበቃል።