የቃል ታሪክ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ውስጥ በኮሪያ ጦርነት የወደቁ ወታደሮቻችን አርፈዋል። ቁጥሩ ይታወቃል። 122 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፣ የተማረከ አንድም የለም።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሁሌም ይገርመኛል። በሌሊት ቅኝት እየወጡ፣ ተራራ ለተራራ እየተዋጉ፣ አንድ ሰው እንኳን በጠላት እጅ አለመውደቁ እንዴት ሆነ? የቆሰለውን ማን ተሸከመው? በጨለማ ምን ተባባሉ? መዝገብ ቁጥሩን ይነግረናል። እንዴት እንደሆነ የሚነግረን ግን እዚያ የነበረ ሰው ነው።

ያ ሰው ያየውን ሲናገር፣ ሌላ ሰው ደግሞ በወጉ ጠይቆ ሲቀዳውና ለሚመጣው ሰው ሲያስቀምጥለት የቃል ታሪክ ይባላል።

ከአፈ ታሪክ ጋር አናምታታው። አፈ ታሪክ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። የሚያወራው ሰው በዓይኑ አላየውም። የቃል ታሪክ ባለቤት አለው። “እኔ ነበርኩ፣ እኔ አየሁ” የሚል ሰው፣ ከነስሙ፣ ከነቀኑ፣ ከነቦታው።

እኛ አገር ጦርነት መጀመሪያ የሚነገረው በፉከራና በቀረርቶ ነው። አንድ አባት መቅረጫ ፊቱ ሲቀመጥለት ወገቡን ቀና አድርጎ “ዘራፍ!” ቢል አይገርምም። ይቀዳ፣ ሀብት ነው። ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። ፉከራ ጀግንነትን ይናገራል እንጂ ፍርሃትን አይናገርም። የመጀመሪያውን በረዶ ስታይ ምን ተሰማህ የሚል ጥያቄ በፉከራ አይመለስም። ኢትዮጵያ በየተራ ወደ ኮሪያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ ጦር ወታደሮች ዶንግዱቾን በተባለችው የደቡብ ኮሪያ ከተማ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ሕፃናትን ያሳድጉ ነበር። አንድ ወታደር በቋንቋ የማይግባባውን ሕፃን እንዴት እንዳስተኛው፣ ምን እንዳበላው በቀረርቶ አይወጣም። የሚወጣው ቁጭ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ሲጠየቅ ነው።

ለዚህ ነው የቃል ታሪክ የሁለት ሰው ሥራ ነው የምለው። ጠያቂው ካልተዘጋጀ ተናጋሪው ብቻውን አይወጣውም።

መዘጋጀት ስል ምን ማለቴ ነው? ለምሳሌ ዘማቹ “በ43 ነው የሄድነው” ይላሉ። ጠያቂው ልጅ ቤቱ ገብቶ 1943ን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይመጣበታል። አባባ ተሳሳቱ ብሎ ያስባል። አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው ቃኘው በጅቡቲ በኩል በመርከብ የሄደው በ1943 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 1951 መሆኑ ነው። እንደ እኔ ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። ዘማቹ ያሉትን እንዳለ ጻፉ፣ የፈረንጁን ዓመት አጠገቡ አስቀምጡ፣ የእሳቸውን ቃል ግን አትቀይሩ።

ሌላም አለ። “ሻለቃ” ማዕረግም ነው፣ የጦር ክፍልም ነው። “ሻለቃው ደረሰልን” ሲሉ አንድ መኮንን ነው ወይስ በመቶዎች የሚቆጠር ጦር? ወዲያው ካልተጠየቀ ከዓመታት በኋላ የሚሰማው ሰው ግራ ይገባዋል። “ኮሪያ ዘምቻለሁ” ካሉም ስንተኛው ቃኘው እንደነበሩ ይጠየቅ። ውጊያው ላይ የነበሩት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉት ናቸው። ከእነሱ በኋላ የሄዱት የደረሱት ተኩስ ከቆመ በኋላ ነው። የሁለቱም ታሪክ ታሪክ ነው፣ ግን የተለያየ ነው።

ከዚያ ደግሞ ዝምታው አለ። ደርግ ሥልጣን ይዞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ደቡቡን ደግፎ የተዋጋ ሰው ስለ ኮሪያ ማውራት አልመቸውም። ስለዚህ አንድ አዛውንት ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ድንገት ጸጥ ቢሉ ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትወርውሩ። ጠብቁ። ካልፈለጉ ይለፉት፣ መብታቸው ነው። “ስንት ሰው ገደሉ?” የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እባካችሁ ተዉት።

ቤተሰብም ፍቅር አብዝቶ ያበላሻል። ልጅየው ከጎን ሆኖ “አባዬ፣ ያኔ እኮ እንዲህ ነበር ያልከው” እያለ ይመልስላቸዋል። እሱን በትሕትና ወደ ቡናው መላክ ነው። ባለቤታቸው ካሉ ግን ለብቻቸው ይቀረጹ። ሌሊት እየባነነ የሚነሳውን ሰው ያስተኙት እሳቸው ናቸው።

አሜሪካኖች ይህን በሕግ አቋቁመውታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ምክር ቤታቸው በወሰነው መሠረት የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት የቀድሞ ወታደሮቻቸውን ቃል ይሰበስባል። ቀራጩ የታሪክ ምሁር መሆን የለበትም፤ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ተማሪ ይችላል። ቅጂው ግን ቢያንስ 30 ደቂቃ መሆን አለበት፣ ሳይቆራረጥ። ደንቡ ደስ ይለኛል። ቲክቶክ ላይ የሚወጣው የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ሰው ይስባል፣ ችግር የለውም። ሙሉው ቅጂ ግን ሳይነካ ይቀመጥ፤ አንዱ ስልክ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ሌላ ሰው ጋ።

እንቸኩል የምለው በምክንያት ነው። በ1943 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 95 ዓመት አካባቢ ነው። ጆሮ ይደክማል፣ ከሰዓት በኋላ ድካም ይመጣል። ጠዋት ሂዱ። ደህና በሚሰሙበት ጆሮ በኩል ተቀመጡ። ፎቶና ሜዳሊያ ካለ ያውጡት፣ እጃቸው ላይ ሲይዙት ብዙ ያስታውሳሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ማን እንዲሰማው እንደሚፈልጉም ጭምር። ሬዲዮውን አጥፉ፣ ስልኩን ጥሪ እንዳይገባበት አድርጉ።

ከዚያ መቅረጫውን ጫኑና እንዲህ በሉ፦ “ዛሬ ቀኑ ይህ ነው፣ ያለነው እዚህ ቤት ነው። አባባ፣ ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ። ተወልደው ያደጉት የት ነው?”