የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ፦ ስለ «ጨዋው» ባል የምንሳሳተው

ጅማ ውስጥ ሚስቱን የሚደበድብ ሁሉ ጠጅ ቤት የሚያመሽ አይደለም። ቀብር የማይቀር፣ የእድር ገንዘብ የሚታመንበት፣ ጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ የሚቀመጥም አለበት። ይህ ስሙ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ ይሠራለታል።

«ንዴት ነው፤ ሲናደድ ራሱን ይስታል»
ቢስትማ ኖሮ ዋጋ ያሳነሰበትን የቡና ነጋዴም በጥፊ ባለው ነበር። እጁ የሚነሣው በሩ ሲዘጋ ነው። የሚመታትም ልብስና ሻሽ የሚሸፍነው ላይ ነው፦ ጀርባ፣ ጭን፣ የክንድ ላይኛው ክፍል፣ አናት።

«ካልመታት ምን አደረጋት?»
ቡናው ተሸጦ ብሩ ሲገባ የጨው እንኳ ቆጥሮ መስጠት፣ ስልኳን መፈተሽ፣ እናቷ ቤት መሄድ መከልከል። ዱላው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

«እውነት ቢሆን ትናገር ነበር»
በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም።

«ሽማግሌ የጠራው እሱ ራሱ ነው፤ ጥፋተኛ ቢሆን ይጠራ ነበር?»
ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ የጠራ ወሬውንም ቀድሞ ይዘራል፦ «ትንሽ ጭንቅላቷን ያማታል፣ ጸሎት አድርጉላት»። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሱ ረጋ ብሎ ያስረዳል። እሷ የሚፈርዱባትን ሰዎች ቡና ታፈላለች፤ ተናገሪ ስትባል ታለቅሳለች፣ ነገሩም ይምታታባታል። ፍርዱ በድርጊቱ መሆኑ ቀርቶ በአነጋገር ይሆናል።

ሽማግሌ የሚሆን ሰው እሷን ለብቻዋ፣ ከቤቱ ውጭ ይስማት፤ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስትወጣ ቢሆን ማንም አይጠረጥርም። «ምን አደረግሽው?» ብሎ አይጀምር። «ልጄ፣ ሲቆጣ ምን ያደርግሻል? አንቆሽ ያውቃል? እገድልሻለሁ ብሏል? መሣሪያ አለው?» ይበል። ማነቅ ካለ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ምልክት ነውና ጉዳዩ ከእርቅ አልፏል። የነገረችውንም ለባሏ አያድርስ፤ ወጥታ ልትሄድ ማሰቧ ሲሰማ አደጋው ይብሳል።

«የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ ሕግ አይገባበትም»
ይገባል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 መሠረት የትዳር ጓደኛን መደብደብ በአካል ጉዳት አንቀጾች (ከ555 እስከ 560) ያስቀጣል። ቀላል በሚባሉት፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱት ላይ ግን አቤቱታውን ለማቅረብ የ3 ወር ገደብ አለ። «እስኪ ለበዓል እንሰብሰብ» እየተባለ ቀኑ ያልፋል፤ ሽምግልናውን ማራዘም ለማን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው።

«ማስረጃ የላትም»
ብዙ ጊዜ ማስረጃውን የሚያበላሸው አብሯት ሐኪም ቤት የሚሄደው ባል ነው። እሱ አጠገቧ ቆሞ «ወድቃ ነው» ሲል ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ኋላ ፍርድ ቤት ያው ካርድ ይጠቀስባታል። ነርሷን «ለብቻዬ ልታይ» ማለት ትችላለች። ፖሊስ የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጣት ለሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ሕክምናው ግን ደብዳቤ አይጠብቅ። ተገዳ ከተደፈረች የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በለዝ በሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚጠፋ ያኑ ቀን ፎቶ ይነሣ፦ አንዱ ፊቷን ጨምሮ ከራቅ ብሎ፣ ሌላው ከቅርብ። ፎቶውን ለምታምነው ሰው ልካ ከስልኳ ታጥፋው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቷና የልጆቹ የልደት ካርድም ኮፒ እዚያው ሰው ዘንድ ይቀመጥ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው፤ ለጠበቃ የምትከፍለው ከሌላት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።