ሰሜን ሸዋ ድምፅ ሲሰጥ፦ ስንት ሰው ወጣ? ማንስ አሸነፈ?

«ሰሜን ሸዋ ማንን መረጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ቁጥር ይዞ መሄድ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ግን የለም። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚደመረው በምርጫ ክልል ነው። ዞን የአስተዳደር መዋቅር ነው። በምርጫ ወንበር የለውም፣ ድምር የለውም፣ አሸናፊም የለውም። ስለዚህ የዞኑን ውጤት የፈለገ ሰው ከምንጃር እስከ ግሼ ያሉትን ምርጫ ክልሎች አንድ በአንድ ለቅሞ ራሱ መደመር አለበት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ መጀመሪያ ይጥራ። ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው። አንዱ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው ነው። ሌላው በኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ የእሱ ከተማ ፍቼ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ወሬ ላይ ሁሌም ይምታታሉ። እዚህ የምናወራው ስለ ደብረ ብርሃኑ ነው።

ይህ ዞን በ1999 የሕዝብ ቆጠራ 1.84 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበረው። መልክዓ ምድሩ ወጣ ገባ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ቁጭ ብላለች። ከጣርማበር ቁልቁል ሲወረድ ግን ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ በሰዓታት ውስጥ ከጋቢ ወደ ሸሚዝ ነው። በምዕራብ በኩል መርሐቤቴና ሚዳ በገደልና በወንዝ ተከበዋል። በደቡብ ምንጃር ሜዳና ጤፍ ነው። በረኸት ወረዳ ውስጥ መጥተህ ብላ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ ብቻ ይጋብዛል። የድምፅ መስጫ ሳጥን በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ተከፍቶ መዘጋት አለበት። ሥራው ቀላል አይደለም።

ወንበሩን እንይ። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይላል። በሥራ ላይ ያሉት ወንበሮች 547 ናቸው። ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138 አላቸው። የሰሜን ሸዋ ወንበሮች ከነዚህ 138 ውስጥ ናቸው። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር የወንበሩ ቁጥር ግን ባለበት ቆመ። በ1999 ቆጠራ የሀገሪቱ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ለ547 ቢካፈል አንድ ተወካይ ወደ 135 ሺህ ሰው ይደርሰዋል። ዛሬ ቢሠላማ ሌላ ነው። የተመረጠልህን ሰው በአካል አይተኸው የማታውቀው ከሆነ፣ ከፊሉ ምክንያት ይህ ሒሳብ ነው። ከፊሉን አንተው ታውቀዋለህ።

አሸናፊ የሚለየው በቀላል ብልጫ ነው። እንበልና በአንድ ምርጫ ክልል 40 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ። አንዱ ዕጩ 15 ሺህ፣ ሁለተኛው 13 ሺህ፣ ሦስተኛው 12 ሺህ አገኙ። ወንበሩ የመጀመሪያው ነው። የ25 ሺህ ሰው ድምፅ ወንበር ላይ አይታይም። ይህ በየምርጫ ክልሉ ሲደጋገም፣ ፓርላማ ውስጥ የሚታየው ቀለም መንደር ውስጥ ካለው ቀለም ጋር አይገጥምም። «እኛ ሰፈር እኮ ግማሹ ሌላ ነው የመረጠው» የሚል ሰው ውሸቱን ላይሆን ይችላል።

አሁን ስለ መራጮች ተሳትፎ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። «90 ከመቶ ወጣ» ሲባል ከተመዘገበው ውስጥ ነው፤ ለመምረጥ ዕድሜው ከደረሰው ሁሉ አይደለም። 18 ዓመት ሞልቶት ካርድ ያላወጣ ሰው ከሒሳቡ ውጭ ነው። ካርድ ለማውጣት ደግሞ ራስህ ምርጫ ጣቢያ ሄደህ፣ ነዋሪነትህን አሳይተህ መመዝገብ አለብህ፤ ቢያንስ ስድስት ወር የኖርክበት ቦታ መሆን አለበት። ይህን ጣጣ አልፎ ካርዱን ኪሱ የከተተ ሰው በምርጫው ቀን ቤቱ አይቀርም። ስለዚህ ከፍ ያለው ተሳትፎ በከፊል የተሠራው ገና ምዝገባ ላይ ነው።

ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ብናስቀምጥ እንዲህ ናቸው። በ1997 ከተመዘገቡት 27 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች 82 ከመቶ በላይ ድምፅ ሰጡ። በ2002 የተመዘገበው 32 ሚሊዮን ቢጠጋ፣ የወጣው 93 ከመቶ ሆነ። በ2007 ወደ 37 ሚሊዮን ተመዘገበ፤ ተሳትፎው አሁንም 93 ከመቶ። በ2013 ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ፣ ምርጫ ቦርድ የድምፅ ሰጪው መጠን ከ90 ከመቶ በላይ መሆኑን አሳወቀ። እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከአራቱ ውስጥ ዝቅተኛው ቁጥር የ1997 ነው። ክርክሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈበት፣ ሰው እስከ ሌሊት ተሰልፎ የቆመበት፣ ሁሉም «እውነተኛ ፉክክር» ብሎ የሚያስታውሰው እሱ ነው። ከፍተኛዎቹ ቁጥሮች ደግሞ ተፎካካሪ ወንበር ባጣባቸው ዓመታት የመጡ ናቸው። ከመቶ ስንት የሚለው ቁጥር ብቻውን የምርጫውን ሙቀት አይለካም።

ገጠሩ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። በ2002 እና በ2007 ገዥው ፓርቲ ሰዉን በአንድ ለአምስት አደራጅቶ ነበር። አምስቱን የሚያስተባብረው ሰው ማን ካርድ እንዳወጣ፣ ማን እንዳላወጣ ያውቃል። ተቃዋሚዎች ማዳበሪያና ሌላ ጥቅም ከድምፅ ጋር ይያያዛል ብለው ይከሱ ነበር፤ መንግሥት ያስተባብላል። ክሱ ባይኖር እንኳ ገበሬ ካርዱን ይዞ ቢቀር ጎረቤቱ ይጠይቀዋል። ሞረትና ጅሩ ላይ ወይ መንዝ ላይ ሰው የሚኖረው በዕድር፣ በማኅበርና በደቦ ነው። ሁሉም ሲሄድ አንተ ብቻ ምን ሆነህ ትቀራለህ?

የፓርቲዎቹ ታሪክ ከዚህ ዞን ጋር የቆየ ትዝታ አለው። ከ1987 በፊት ያለውን ቶሎ እንለፈው። በንጉሡ ዘመን፣ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ይደረግ ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። በደርግ ጊዜ በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ 835 ወንበር ነበር፤ ፓርቲውም አንድ፣ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ)። ከዚያ ኢሕአዴግ ገባ። በ1985 የመአሕድ (የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት) መሪ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ ሕዝባዊ ስብሰባ ባደረጉት ንግግር ምክንያት በኋላ ተከሰው ታሰሩ። መአሕድ በኋላ መኢአድ (የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት) ሆነ። ደብረ ብርሃን ስለ ምርጫ ወሬ ሲነሳ ትልልቅ ሰዎች ይህን ሳይጠቅሱ አያልፉም።

በ1987 ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ራሳቸውን ስላገለሉ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ጠረጉት። በ1992ም ከዚያ ብዙ አልተለየም። በ1997 ግን ነገሩ ተቀየረ። መኢአድ፣ ኢዴፓ መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ የተባሉ ፓርቲዎች ተባብረው ቅንጅትን ፈጠሩ። ምልክቱ ሁለት ጣት ነበር። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ። ስለዚህ ሰው ፓርቲ ሳይጠራ «ንብ ነህ?» «ሁለት ጣት ነኝ» ተባባለ፤ ሚኒባስ ላይ ያለ ረዳት ጣቱን ካወጣ በቃ፣ ማን እንደሆነ ታወቀ። የመጨረሻው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ ኅብረት 52 ሆነ። አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም ወንበር ቅንጅት ወሰደ። 31 ምርጫ ክልሎች ላይ ምርጫው በነሐሴ ተደገመ። ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያውቃል፦ ግጭቱ፣ እስሩ፣ የተገደሉት ሰዎች። ከቅንጅት ተመራጮች ፓርላማ የገቡም ነበሩ፣ አንገባም ያሉም ነበሩ።

በ2002 ያ ሁሉ ጠፋ። ከ547 ወንበር ኢሕአዴግ 499፣ አጋር ድርጅቶች 46 ወሰዱ። ተቃዋሚ አንድ፣ የግል ተወዳዳሪ አንድ። ያንን አንድ የተቃዋሚ ወንበር መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ያገኘው አዲስ አበባ ላይ ነው። አማራ ክልል ሙሉ በሙሉ የብአዴን፣ ማለትም የኢሕአዴግ ሆነ፤ ሰሜን ሸዋም እንዲሁ። በ2007 ያቺ አንዷም ቀረች፤ ኢሕአዴግ ብቻውን 500 ወሰደ።

ብአዴን በ2011 አዴፓ ሆነ፤ ቀጥሎም ብልጽግና ውስጥ ገባ። ንቧ ሄዳ የብልጽግና ምልክት አምፖል መጣ። ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) ሚዛን ይዞ ቀረበ። አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) በ2010 ባሕር ዳር ላይ ተመሠረተ። ስድስተኛው ምርጫ መጀመሪያ ለነሐሴ 2012 ተቀጥሮ ነበር፤ በኮሮና ምክንያት ተላለፈ፤ ደግሞም ተገፋ፤ በመጨረሻ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሆነ። ያ ቀን ሰኞ ነው። ከ1992 እስከ 2007 የነበሩት አራቱም ምርጫዎች በግንቦት፣ እሑድ ላይ ነበር የዋሉት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የሰሜን ሸዋ ደጋ በሰኔ ማለት እርሻ ማለት ነው። ዝናብ ጀምሯል፣ በሬ ተጠምዷል።

ደብረ ብርሃን ላይ የዚያን ቀን ጠዋት የተሰለፍኩበትን አልረሳውም። 12 ሰዓት ሳይሞላ ጉሙ ገና አልተነሳም። ምርጫ ጣቢያው ድንኳን ነው፤ ሸራው ላይ ጤዛ ይንጠባጠባል። ፊት ለፊቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ እናት ካርዳቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል። ተራቸው ሲደርስ ሁለት ወረቀት ተሰጣቸው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። «ልጄ፣ ሁለቱንም ነው?» አሉ። «አዎ እማማ፣ ሁለቱንም።» አውራ ጣታቸውን ቀለም ሲነክሩት «ይኼ መቼ ነው የሚለቀው?» ብለው ጠየቁ። ማንም መልስ አልነበረውም። የእኔ ከሳምንት በላይ ቆይቷል፤ ሽሮ ስቀላቅል ሁሉ ይታይ ነበር።

የዚያን ቀን ድምፅ መስጫው እስከ ማታ 3 ሰዓት ተራዘመ። ከዚያ ቆጠራ ነው። ሳጥኑ የሚከፈተው እዚያው ጣቢያው ላይ፣ በታዛቢና በፓርቲ ወኪል ፊት ነው። ወረቀቱ በየዕጩው ይከመራል፤ የተበላሸው ለብቻ። ሲያልቅ ውጤቱ ቅጽ ላይ ተሞልቶ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ይለጠፋል። ለእኔ ከምርጫው ሁሉ ትልቁ ነገር ያ ወረቀት ነው። በማግስቱ ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ ቆም ብሎ ያነበዋል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። የሰፈርህን እውነተኛ መልክ የምታየው እዚያ ላይ ነው፦ አንደኛ ማን፣ ሁለተኛ ማን፣ በስንት። ምርጫ ክልል ላይ ሲደመር አንድ ስም ብቻ ይቀራል። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ አንድ ወንበር።

አጠቃላይ ውጤቱ ሐምሌ 3 ቀን ተነገረ። ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ምርጫ ክልሎች ብልጽግና 410 ወሰደ። አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አገኙ። የአብን አምስቱም ከአማራ ክልል ናቸው። 5 ከ138 ማለት ነው። አብን በአማራ ከተሞች የነበረውን ድምቀት ያየ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ይገረማል፤ ቅድም ያልኩት የ15 እና የ13 ሺህ ሒሳብ ግን እዚህም ይሠራል።

የዞኑን ምሥራቅ ግን ለብቻ ማየት ይገባል። በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጥላለች። ነዋሪዋ ሸሽቶ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቷል። ምርጫ ቦርድ በጸጥታ ምክንያት ምዝገባ አልተጀመረባቸውም ብሎ ካሳወቃቸው ቦታዎች መካከል የዚያ አካባቢ ምርጫ ክልሎች ነበሩ። ከ90 ከመቶ በላይ የሚለው ቁጥር ውስጥ እነዚህ ሰዎች የት ናቸው? የትም። ያልተመዘገበ ሰው ቀሪ ተብሎ አይቆጠርም።

መስከረም 20 ቀን 2014 በሶማሌ፣ በሐረሪና በደቡብ ቀሪው ምርጫ ተደረገ፤ የብልጽግና ወንበር 454 ደረሰ። ትግራይ 38 ወንበሯ ባዶ ነበር። ሰኔ 2016 ላይ ደግሞ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ሲካሄድ አማራ ክልል አልገባበትም። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገብቶ፣ የተኩስ ድምፅ ደብረ ብርሃን ዙሪያም ይሰማ ነበር። የ2013ቱ የመራጭ ካርድ ግን ብዙ ቤት ውስጥ አሁንም አለ። እኛ ቤት ከቀበሌ መታወቂያና ከዕድር ደብተር ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ ነው።